እሑድ ፀጉር ቤቴን ልዝጋ ወይ?

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለችኝ። ሦስት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ካቶሊክ ሆኜ ነው ያደግሁት። እናቴ የእምድብር አካባቢ ሴት ናት፤ እሑድ ሳያስቀድሱ መዋል የሚባል ነገር አታውቅም። እኔ ግን ዋናው ገበያዬ ቅዳሜና እሑድ ነው። ሠርግ ሲኖር ሙሽራና ሚዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምረው ይመጣሉ። ከፋሲካ ወዲህ እሑድ ያስቀደስኩት ሁለቴ ብቻ ነው። ንስሐ እገባለሁ፣ በሳምንቱ ያንኑ እደግማለሁ። አሁን አሁን አባ ፊት መቅረብ ራሱ አሳፍሮኛል፤ የምዋሻቸው ይመስለኛል። እናቴ ‹የሰንበት ገንዘብ በረከት የለውም› ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹ኪራዩን እናትሽ አትከፍልልሽም› ይላል። ኪራዩ በዓመት ሁለቴ ጨምሯል፣ እሱም እውነቱን ነው። ልጆቹን ቤት ያለችው ሠራተኛ ስለምትይዝልኝ በዚያ በኩል አልቸገርም። ቤተ ክርስቲያን በእውነት የምትለው ምንድን ነው? ልዝጋው? ወይስ እየሠራሁ በልቤ ብጸልይ ይበቃል? ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የማስበው ስለ ፀጉር ቤትሽ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ዓይኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ቀረ። አንቺ እንደዋዛ ጣል ያደረግሻት ናት። ቆይቼ እመለስባታለሁ። አሁን ከጠየቅሽኝ ልጀምር።

ቄስ አይደለሁም። የማውቀውን እነግርሻለሁ፤ የሚያስርሽም የሚፈታሽም ቆሞስሽ፣ የአጥቢያሽ ካህን ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እሳቸው ዘንድ ሂጂ። «ሁለተኛ አይለምደኝም» እያልሽ፣ እሑድ እንደምትከፍቺ ግን ቀድመሽ እያወቅሽ ከሆነ የምትገቢው፣ ያሳፈረሽ እሱ ነው። መፍትሔው መቅረት አይደለም። ነገሩን እንዳለ ዘርግፊው። «አባ፣ እሑድ እሠራለሁ፣ መውጫው ጠፍቶኛል፣ ሒሳቤ ይህን ይመስላል» በያቸው። ካህናት ከምንገምተው በላይ የሰው ኑሮ ያውቃሉ። የታክሲ ሹፌሩም፣ የጥበቃ ሠራተኛውም፣ የነርሷም እሑድ እነሱ ጋ ነው የሚራገፈው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ለእሑድ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ማስቀደስና ማረፍ። አንቺ ሁለቱን አንድ አድርገሽ ያየሻቸው ይመስለኛል። «ሱቁ ከተከፈተማ ቅዳሴው ቀረ» ብለሽ ደምድመሻል። ለየብቻቸው እንያቸው።

ጠንከር ያለው ማስቀደሱ ነው። የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት የሚከተለው ከምሥራቃውያን ሥርዓቶች አንዱ የሆነውን የግእዝ ሥርዓት ስለሆነ የሚመለከትሽ እ.ኤ.አ. በ1990 ለምሥራቃውያን ካቶሊኮች የወጣው የቀኖና ሕግ ነው። ቀኖና 881 እሑድንና የታዘዙ በዓላትን ማስቀደስ ግዴታ ነው ይላል። ሰዓቱን ግን ልብ በይ፤ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እስከ እሑድ መጨረሻ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅዳሜ ማታን «ለእሑድ አጥቢያ» የምንለው እኮ ለዚሁ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚቀደስበት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካገኘሽ፣ እዚያ ሄደሽ ብታስቀድሺ ግዴታሽን ተወጥተሻል። የራስሽ ቁምስና መሆን የለበትም። በአካባቢሽ ያሉትን ዞር ዞር ብለሽ ሰዓታቸውን ጠይቂ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

እስቲ ደግሞ ስለ ሙሽሮችሽ እናውራ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የመጣች ሙሽራ ረፋዱ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ቬሏን አጥልቃ ወጥታለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማን ነው? ሹሩባው ነው፤ ፔስትራው ነው፤ «ቶሎ ካስክ አስገቢኝ» የምትለዋ ናት። ከቅዳሴ ያስቀረችሽ ሙሽራዋ አይደለችም።

ትምህርተ ክርስቶስ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን የእምነት ትምህርት መጽሐፍ ከባድ ምክንያት ያለበት ሰው ግዴታው አይዘውም ይላል። ሕመምን፣ ሕፃን መጠበቅን ለምሳሌ ያነሣል። ቆሞሱም ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። «ገበያ ደርቶብኝ» ግን ከሕመም ጎን የሚሰለፍ አይመስለኝም። ልጆችሽ ጦማቸውን የሚያድሩ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ሁለቴ ማለት ትንሽ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም እንደ ትንሽ አታየውም። ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ አባበልኩሽ እንጂ አልመከርኩሽም።

ማረፉ ጋ ነገሩ ላላ ይላል። ሕጉ የተከለከሉ ሥራዎችን አይዘረዝርም፤ መለኪያ ነው የሚሰጠው። ሥራው ወይም ንግዱ አምልኮውን፣ የቀኑን ደስታ፣ የአእምሮና የአካል ዕረፍትን የሚያውክ ከሆነ ተዉት ይላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕግ የጉልበት ሥራን፣ ችሎትንና የገበያ ንግድን ለይቶ ይከለክል ነበር። መምህራኑም ልብስ መስፋት ይፈቀዳል አይፈቀድም እያሉ ብዙ ቀለም ጨርሰዋል። ሹሩባ መሥራት የጉልበት ሥራ ነው ወይ ብትይኝ፣ ስምንት ሰዓት ቆመሽ ከዋልሽ በኋላ እግርሽን ብትጠይቂው ይሻላል። ለማንኛውም ዛሬ ክርክሩ እዚያ ላይ አይደለም። ነርሷ እሑድ ትሠራለች፤ አውቶቡስ ነጂው ይሠራል፤ ከቅዳሴ ስንወጣ ማኪያቶ የምንጠጣበት ካፌም ክፍት ነው። ትምህርተ ክርስቶሱ የቤተሰብ ችግርና ለሕዝብ የሚያስፈልግ አገልግሎት ከዕረፍቱ ግዴታ ነፃ እንደሚያደርግ ይቀበላል። የሚያስጠነቅቀው ምክንያቱ ልማድ እንዳይሆን ነው። «ይህን ወር ብቻ» ያልሽው ስንት ወር ሆነው?

ስለዚህ እናትሽ «የሰንበት ገንዘብ በረከት የለውም» ሲሉ እንደ ሕግ ከወሰድሽው ልክ አይደሉም። ግን አታቃልያቸው። እሳቸው ያደጉበት አገር የሰንበትን ነገር ከሮም መማር አላስፈለገውም። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ካቶሊኮችና ኢትዮጵያውያን ተከራክረዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት የኢየሱሳውያን (ጄስዊት) ማኅበር የካቶሊክ ሚሲዮናውያን «ቅዳሜን እንደ አይሁድ ታከብራላችሁ» ብለው ሲወቅሱ፣ አፄ ገላውዴዎስ በእምነት መግለጫቸው መልስ ሰጥተዋል። አይሁድ በዚያ ቀን ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ እንጀራ አይጋግሩም፤ እኛ ግን ቁርባን እያቀረብንና ማዕድ እያበላን ነው የምናከብረው አሉ። ሚሲዮናውያኑ ደስ አላላቸውም። እኔ ካቶሊክ ሆኜ ሳነበው በዚህች ነጥብ ከንጉሡ ጋር ነኝ። ሰንበት የሚለካው ባልነደደ እሳት ሳይሆን በቀረበው ቁርባንና በበላው ሰው ነው ማለታቸው ነው። ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚያወጡትን ሰንበቴ አስቢው። ዳቦውን ጋግሮ፣ ጠላውን ጠምቆ፣ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አለ። ሥራ ነው። ማንም ግን «ሰንበት ተሻረ» አይልም፤ ነዳያኑ በልተው ነዋ የሚሄዱት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለመጀመሪያዎቹ 300 ዓመታት ያህል እሑድ ለክርስቲያኖች የሥራ ቀን ነበር። በሮም ግዛት እሑድ የሚዘጋ ሱቅ አልነበረም። ባሪያ የነበሩት ክርስቲያኖች ጌቶቻቸው ሳይነሡ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ጸልየው ወደ ሥራቸው ይሄዱ ነበር። እሑድ በሕግ የዕረፍት ቀን የሆነው እ.ኤ.አ. በ321 በቆስጠንጢኖስ ዐዋጅ ነው። ያውም ዳኞችና የከተማ ሰዎች ይረፉ አለ እንጂ ገበሬውን አልከለከለም፤ ዝናብ ቀን አይመርጥምና። ከዚያ 17 ዓመት በፊት፣ በ304፣ ዛሬ ቱኒዚያ በምንላት አገር የአቢቲና ክርስቲያኖች እሑድ ተሰብስበው ሲያስቀድሱ ተያዙ። መሰብሰብ በሞት የሚያስቀጣበት ጊዜ ነበር። ለምን እንዳደረጉት ሲጠየቁ «ያለ እሑዱ ቅዳሴ መኖር አንችልም» የሚል መልስ ሰጡ። «ያለ ዕረፍት መኖር አንችልም» አላሉም። ቅዳሴው ነው የቀደመው፤ ዕረፍቱ ኋላ መጣ። እሑድ ስትሠሪ ብትውዪም ቅዳሴው ያንቺ ነው የምልሽ ለዚህ ነው። «ቤቴ ተኝቼ አረፍኩ፣ ይበቃኛል» ለሚል ሰውም መልሱ ይኸው ነው።

«እየሠራሁ በልቤ ብጸልይ ይበቃል?» ላልሽው፣ በልብሽ መጸለዩን አትተዪው፣ ግን አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 5ን አንብቢ። ሙሴ ፈርዖን ዘንድ ገብቶ የጠየቀው ትንሽ ነገር ነው። የሦስት ቀን መንገድ ሄደን ለአምላካችን እንሠዋ አለ። የፈርዖን መልስ ምን ነበር? ሰነፎች ናችሁ፣ ሥራ ስላጣችሁ ነው እንሠዋ የምትሉት አለ። ከዚያ እስራኤላውያን ጡብ የሚሠሩበትን ጭድ ከለከላቸው፤ የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይጎድል አዘዘ። ለፈርዖን አምልኮ ማለት የባከነ የሥራ ሰዓት ነው። ኪራዩ በዓመት ሁለቴ ሲጨምር ጭዱ ቀርቶ ጡቡ ያው ሆነ ማለት እኮ ነው። አንቺም ጭዱን ፍለጋ እሑድን ከፈትሽው። አልፈርድብሽም። ግን ልብ በይ፤ «መቼ ነው የምቆመው?» ብለሽ ብትጠይቂ ኪራዩ አይመልስልሽም። በቃ የሚል ጡብ የለም።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ዐሠርቱ ትእዛዛት ሲደገሙ የሰንበት ምክንያት ይህን ታሪክ ያስታውሳል። በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ይላል። ባሪያ ዕረፍት አልነበረውምና። ትምህርተ ክርስቶሱም ሰንበትን ለሥራ ባርነትና ለገንዘብ አምልኮ እምቢ የሚባልበት ቀን ይለዋል። እኔ እንዲህ ዓይነት ጠንካራ አነጋገር ከቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ አልጠበቅሁም ነበር።

ሥራሽን እንደ እርግማን እንድታይው ግን አልፈልግም። እንደዚያ የሚያስተምሩ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን እንደዚያ አላለችም። አዳም ገነትን ያበጅና ይጠብቅ ዘንድ የተቀመጠው ከመበደሉ በፊት ነው። ድካሙና እሾኹ ነው ኋላ የመጣው። በላቲን ሥርዓት ሲቀደስ ካህኑ ኅብስቱን ይዞ የምድር ፍሬና የሰው እጅ ሥራ ይለዋል። ደቡብ ያሉ ካቶሊኮች ይህን ጸሎት በየሳምንቱ ይሰሙታል። እስቲ አስቢው። ወደ መሠዊያው የሚወጣው ስንዴ አይደለም፤ ኅብስት ነው። ወይን ፍሬ አይደለም፤ የተጠመቀ ወይን ነው። አንድ ሰው አርሷል፣ አጭዷል፣ ፈጭቷል፣ ጋግሯል። ሰው ያልደከመበት ነገር መሠዊያው ላይ የለም። ቅዳሜ ከሌሊት ጀምሮ ያበጠረው እጅሽ እሑድ ባዶውን አይሄድም ማለት ነው። አንዲት ሙሽራ በሕይወቷ ትልቅ ቀን መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ስታይ የምትስቀውን ሳቅ አንቺ ነሽ የሠራሽው። እሱን ይዘሽ ግቢ። ካልሄድሽ ማን ያቀርብልሻል?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማሩትም። በወጣትነታቸው ፖላንድ በናዚ ጀርመን ተይዛ ሳለች ክራኮው ውስጥ መጀመሪያ ድንጋይ ፈልፋይ፣ ኋላ የኬሚካል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ልጅ ሥራ ለመላው ቤተ ክርስቲያን በጻፉት ዓዋዲ መልእክት ሥራ ለሰው ነው እንጂ ሰው ለሥራ አይደለም ይላሉ። ጌታ ስለ ሰንበት ያለውን ነው የሚመስለው፤ ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም። እኚሁ አባት በ1998 ስለ እሑድ ሌላ መልእክት ጻፉ። እዚያ ላይ ዊኬንድና የጌታ ቀን አንድ አይደሉም ይላሉ። ዊኬንድ ሰኞ እንደገና ለመሥራት ጉልበት የምትሰበስቢበት ነው። ስልክ እንደ መሙላት በይው። ያ ከሆነ ዕረፍቱም ራሱ የሥራው አገልጋይ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ።

«ልጆቹን ቤት ያለችው ሠራተኛ ስለምትይዝልኝ በዚያ በኩል አልቸገርም።»

ይህች ልጅ እሑድ የት ነው የምትውለው? ሃይማኖቷ ምንድን ነው? ኦርቶዶክስ ከሆነች ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀደሰችው መቼ ነው? ጴንጤ ከሆነች አምልኮ የምትሄደው መቼ ነው? ሙስሊም ብትሆንስ፣ እናቷን ደውላ ተረጋግታ የምታወራበት ግማሽ ቀን አላት? አንቺ ስለ ራስሽ እሑድ አንድ ገጽ ጻፍሽልኝ። የእሷ እሑድ ግማሽ መስመር ናት፤ እሷም አንቺ የማትቸገሪበት ምክንያት ሆና ነው የገባችው።

ልንገርሽ፤ ነገ ፀጉር ቤቱን ዘግተሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ከባለቤትሽና ከልጆችሽ ጋር አስቀድሰሽ ብትመለሺ፣ ምሳውን ማን አቅርቦ ይጠብቅሻል? ሱቁን ዘግተሽ እሷን ብታሠሪያት ሰንበትን ያከበርሽ ይመስልሽ ነበር። እናትሽም ደስ ይላቸው ነበር። የዘዳግም ትእዛዝ ግን እዚህ ላይ በጣም ግልጽ ነው። ሎሌህና ገረድህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ይላል። ቃሉ ዛሬ ደስ አይልም፤ ግን በትእዛዙ ውስጥ እሷ በስም ተጠርታለች። በሬውና አህያው እንኳን ተጠርተዋል። ሰንበት የተሰጠው ለባለቤቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈርዖንም ያርፍ ነበር።

ከላይ ሆኜ አይደለም የምናገረው። እኔም ቤት እንዲሁ ነበር። አብራን የነበረችው ልጅ አንድ ቀን «እትዬ፣ ለሚካኤል ልሂድ» ብትለኝ «እንግዳ አለብን፣ በሚቀጥለው ወር ትሄጃለሽ» ያልኩ ሰው ነኝ። ሚካኤል በየወሩ ስለሚመጣ ምንም ያጎደልኩባት አልመሰለኝም። የሚቀጥለውም ወር ሲመጣ እንግዳ ነበረብን። ቤሩትና ዱባይ ያሉ እህቶቻችን የዕረፍት ቀን ሲከለከሉ ስንሰማ ጨጓራችን ይቃጠላል። ይህን ስናወራ ቡናውን የምታፈላልን ማን እንደሆነች ግን አናይም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ ጊዜ የሥራ ዕረፍት ዓርብ ስለነበረ ቤተ ክርስቲያን የእሑዱን ቅዳሴ ዓርብ ታስቀድስላቸው ነበር። ቀኑን ወደ ሠራተኛው አመጣችው ማለት ነው። እኛ እዚህ ቀኑ እያለ ልጅቷን ከለከልናት።

ፀጉር ቤት ላሉት ሦስቱ ልጆች ቢያንስ የአገሪቱ ሕግ አላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ተከታታይ ዕረፍት ያዛል። ሰባቱንም ቀን ከከፈትሽ ተራ ማስያዝ አለብሽ ማለት ነው። የቤት ሠራተኛን ግን ይህ አዋጅ አያቅፋትም። ለእሷ ያለችው አንቺ ነሽ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ሲጽፉ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለ ውል ሁሉ፣ ቢጻፍም ባይጻፍም፣ ለነፍስና ለሥጋ የሚበቃ ዕረፍትን ይዟል ብለዋል። ባይጻፍም! ያንቺና የእሷ ውል መቼም አልተጻፈም።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር።

መጀመሪያ የዓመቱን ካላንደር እዘረጋለሁ። ሠርግ ዓመቱን ሙሉ የለም። በዐቢይ ጾም ኦርቶዶክሱ አይድርም፤ ስለዚህ እነዚያን እሑዶች ያለ ብዙ ኪሳራ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ትችያለሽ። በፍልሰታም እንዲሁ። በጥርና ከፋሲካ ማግስት ገበያው ይጦፋል፤ እነዚያን እሑዶች በቀጠሮ ለሙሽራና ለሚዜ ብቻ ክፈቺ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ በሩ ይዘጋ። «የእሑዱ ሹሩባ ወደ ዓርብ ዞሯል» ብለሽ መስታወቱ ላይ ለጥፊ። ደንበኛ ሁለት ወር ያኮርፋል፣ ከዚያ ይለምዳል። የሚቀረውን ለባለቤትሽ በወረቀት አሳዪው። የተጣላው ከኪራዩ ጋር እንጂ ከቅዳሴው ጋር አይመስለኝም፤ ቁጥሩን ሲያይ ይለዝባል። በእነዚያ ጠዋቶች ልጆቹን ይዞ መዋል እሱም ይችላል።

የፀጉር ቤቱ ልጆች በፐርሰንት ነው የሚሠሩት? ከሆነ ጠንቀቅ በይ። በፐርሰንት የምትሠራን ልጅ እሑድ አሳረፍኩሽ ማለት ደመወዟን ቆረጥኩብሽ ማለት ነው። ተራውን ስታወጪ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለሽ አውጪው፤ ሙሽራ ያልደረሳት ልጅ የዓርቡና የቅዳሜው ደንበኛ ይድረሳት። ማን ምን ቀን ወደ ቤተ እምነቱ እንደሚሄድም ጠይቂ። ላንዷ እሑድ ነው፤ ለሌላዋ ዓርብ ሊሆን ይችላል።

ቤት ላለችው ልጅ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን። «ምሳ ከሠራሽ በኋላ» የሚባል ዕረፍት የለም፤ እኔ ሞክሬው አይቻለሁ፣ የምሳው ዕቃ ሲታጠብ 10 ሰዓት ይሆናል። የእሑዱን ምሳ ቅዳሜ ማታ አብስላችሁ አስቀምጡ፤ ወይ ሽሮ ይሁን። ባለቤትሽ ሽሮ መሥራት ካልቻለ የሚማርበት ጊዜ ነው። ከደመወዟም እንዳይነካ።

ጠይቂያትና የመለሰችልሽን ጻፊልኝ። ግራ ከገባት አይግረምሽ። እኛ ቤት የነበረችው ልጅ መጀመሪያ «ዕረፍት ነሽ» ያልኳት ቀን የት እንደምትሄድ ጠፍቷት በር ላይ ተቀምጣ ዋለች። እኔም ሁለት ጊዜ ረስቼ ጠራኋት። በሳምንቱ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ነጠላዋን አጥባ ገመዱ ላይ አስጥታው አየሁ።